ኢንዛይሙ ይሠራል፣ ግን በምን ላይ?

በኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው አንዲት አሳማ አርቢ ናት። ጥያቄዋ አጭር ነው። ግልገሎቿን በ28 ቀናቸው ጡት ታስጥላለች። ከዚያ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ፋጉሎ የተቀናበረ መኖ ትሰጣቸዋለች፤ ጥቂት ገብስም ይገባበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ግልገሎቹን ያስቀምጣቸዋል፣ እድገታቸውም ቀጥ ይላል። ኢንዛይም ጨምሪበት ሲሏት ገዝታ ጨመረች። መለያው ላይ ከተጻፈው መጠን አላጓደለችም። ለውጥ ግን የለም። ታዲያ ይሄ ዱቄት በእርግጥ ይሠራል ወይስ ገንዘባችንን እየበሉን ነው? ጥያቄዋ ይሄው ነው።

ከስሩ 26 መልስ ተደርድሯል። ሁሉንም አንብቤያለሁ። ግማሹ ጠብ ነው። የቀረው ግን መኖ ለሚያቀናብር ሰው ቁም ነገር ስላለው፣ ባዶውን እየዘለልኩ ልተርከው።

1ኛው መልስ ጠያቂዋን ስለ ግልጽነቷ ያመሰግናል። ኢንዛይም መፈጨትን ስለሚያግዝ ትንሽ ታገሺ ይላታል። ትህትናው ጥሩ ነው፤ የሚጨበጥ ነገር ግን የለውም። 2ኛው በተቃራኒው ቁርጥ ያለ ነው። እንስሳ የራሱ ኢንዛይም አለው፣ ከውጭ መጨመር ብክነት ነው ብሎ በሁለት መስመር ጨርሶ ሄደ።

3ኛው ይህንኑ ሰው ያርማል፣ በጨዋ ደንብ። እርስዎ እያለ ነው የሚጽፍለት። ያሉት ግማሹ ልክ ነው ብሎ ይጀምራል። ግልገል የሚወለደው ለወተት የተዘጋጀ ሆድ ይዞ ነው። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ ሞልቶታል። ስታርች የሚፈጨው አሚሌዝ ግን ከእድሜ ጋር ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ጡት ሲጥል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ለአንድ ሁለት ቀን በቅጡ አይበላም። ከቆሽቱ የሚመነጨው ኢንዛይም ይቀንሳል። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉት ጣት መሰል ጥቃቅን ቅጥያዎች ያጥራሉ፤ የተፈጨው ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነሱ በኩል ስለሆነ መምጠጫው ይጠባል። ስለዚህ የራሱ ኢንዛይም አለው የሚለው ነገር በዚያ ሳምንት ብዙ አያስኬድም።

ዋናው ማረሚያው ግን ይሄ አይደለም። የእህል ሕዋስ ግድግዳ የተሠራበትን አሰር (ፋይበር) የሚሰብር ኢንዛይም አሳማ ጨርሶ አያመነጭም፤ ግልገሉም አዋቂውም። ይህን ሥራ የሚሠሩለት በአንጀቱ፣ በተለይም በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የግልገል ትልቁ አንጀት ደግሞ ገና ነው። ከውጭ የሚጨመሩት ዛይላኔዝና ቤታ ግሉካኔዝ የሚሞሉት ይህንን ክፍተት ነው።

4ኛው መልስ ጥያቄ ብቻ ነው። በዱቄቱ ውስጥ የትኞቹ ኢንዛይሞች እንዳሉ፣ በቶን ስንት ግራም እንደገባ፣ በቆሎው ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ፣ መኖው በዱቄት ይሰጥ ወይስ በእንክብል እንደሆነ ይጠይቃል። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ማንም አላመሰገነውም። ጠያቂዋ ወዲያው ሁሉንም መልሳ ቢሆን ኖሮ ክሩ እዚህ ጋ ባለቀ ነበር።

5ኛው ገጠመኝ ነው። ሰውየው መኖውን የሚያቀናብረው በስንዴ ነው። ዛይላኔዝ ከጨመረ ወዲህ የግልገሎቹ ኩስ ጠንከር ብሏል፣ ክብደታቸውም አምሯል። በደስታ ነው የጻፈው፤ የምርቱንም ስም ጠቅሷል።

በ6ኛው ጠያቂዋ ተመለሰች። መለያው ላይ ያለው ዛይላኔዝ፣ ቤታ ግሉካኔዝና ፋይቴዝ ነው። ከመኖው 60 በመቶ ያህሉ በቆሎ ነው፤ ገብሱ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። የ4ኛውን የመጨረሻ ጥያቄ፣ የዱቄትና የእንክብሉን፣ ዘለለችው። ሆን ብላ አይመስለኝም። ትርፍ ጥያቄ መስሏት ይሆናል።

7ኛው ላይ የክሩ ድምፅ መቀየር ጀመረ። የ5ኛውን ታሪክ ነው የያዘው። ሰውየው ከወራት በፊት በሌላ ክር ላይ የጻፈውን ቆፍሮ አወጣበት። በዚያው ሰሞን ጡት ማስጣያውን ከ21 ቀን ወደ 28 ቀን አራዝሞ ነበር፤ ለክፍሉም ማሞቂያ አስገብቶ ነበር። ታዲያ ሦስት ነገር ቀይሮ ምስጋናውን ለአንዱ መስጠት ምን ይባላል ብሎ ጠየቀ። ነጥቡ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ሰው ያስቀይማል። እርስዎ ብሎ ጀምሮ በሦስተኛው መስመር አንተ ላይ ወርዷል።

8ኛው የእንስሳት መኖ ያጠና ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። የጠያቂዋን ቁጥሮች ተመልክቶ፣ ይሄ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው አለ። ቤታ ግሉካን በብዛት ያለው በገብስና በአጃ ውስጥ ነው። በበቆሎ ውስጥ ከቁጥር የሚገባ የለም። ገብሱ 5 በመቶ ካልሞላ ቤታ ግሉካኔዙ የሚሰብረው ነገር አያገኝም። አራቢኖዛይላን የሚባለው አሰር በበቆሎም አለ። ግን የበቆሎው አብዛኛው በውሃ የማይሟሟና እርስ በርሱ አጥብቆ የተሳሰረ ነው። ዛይላኔዝ በቀላሉ አይደፍረውም። በስንዴ ውስጥ የሚሟሟው ድርሻ ከፍ ስለሚል የ5ኛው ሰው ገጠመኝ ከነእንከኑ ሊሆን የሚችል ነገር ነው ብሎ ነገሩን ለማብረድም ሞክሯል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያምታታውን አነሳ። የሚሟሟ አሰር በአንጀት ውስጥ ያለውን ምግብ ያወፍራል፣ ያዝለገልጋል። ይሄ በጫጩት ላይ ትልቅ ችግር ነው። የመኖ ኢንዛይም ንግድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተስፋፋውም ገብስ የሚበሉ ዶሮዎች ኩሳቸው እየተጣበቀ ስላስቸገረ ነው። የአሳማ ሆድ ዕቃ ግን ብዙ ውሃ አለው። መወፈሩ እንደ ጫጩቱ አያስጨንቀውም። በአሳማ ላይ ኢንዛይሙ የሚጠቅመው ይበልጥ በሌላ መንገድ ነው። ግድግዳውን ሰብሮ በውስጡ የተዘጋበትን ስታርችና ፕሮቲን ይለቃል። ከስብርባሪው የሚገኙት አጫጭር ስኳሮች ደግሞ ለጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናሉ። ስለዚህ በዶሮ ላይ ያየኸውን ውጤት በግልገል ላይ አትጠብቅ። እህሉ ጥራት ያለው ከሆነም ጭማሪው ያንሳል፤ ድሮም በደንብ የሚፈጨውን ምን ያሻሽለዋል?

እዚህ ጋ 2ኛው መላሽ ብቅ አለ። ይኸው ብያችሁ ነበር፣ ብክነት ነው አለ። እስኪመቸው አድፍጦ የቆየ ነው የሚመስለው። ቁጥሩ 9 ነው።

10ኛው ለእሱ መልስ ይመስላል እንጂ ጉዳዩ ፋይቴዝ ነው። የክሩ ጥልቁ ክፍልም ከዚህ ነው የሚጀምረው። በእህልና በፋጉሎ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፋይቴት በሚባል ውህድ ታስሮ ነው የሚገኘው። አሳማ ይህን መፍታት ስለማይሆንለት ከኩሱ ጋር ያስወጣዋል። አርቢው ደግሞ ጉድለቱን ለመሙላት ዳይካልሲየም ፎስፌት ይጨምራል። ፋይቴዝ ይህን እስር ይፈታል። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በኔዘርላንድስ ነው። የአሳማ ኩስ ፎስፈረስ አፈሩንና ውሃውን እየበከለ ያስቸገራት አገር ስለሆነች መነሻዋ መሆኗ አይገርምም። ከአሰር ሰባሪዎቹ በተለየ፣ ፋይቴዝ በበቆሎና በአኩሪ አተር መኖ ላይ በቂ ሥራ ያገኛል። ስንዴ የራሱ የተፈጥሮ ፋይቴዝ አለው። በቆሎና አኩሪ አተር ግን የላቸውም ማለት ይቀላል።

ስለ መለኪያውም ጽፏል። አንድ የፋይቴዝ ዩኒት ማለት በ37 ዲግሪ ሙቀትና በ5.5 ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ማይክሮሞል ፎስፌት የሚለቅ መጠን ነው። የተለመደው ጭማሪ በኪሎ መኖ 500 ዩኒት አካባቢ ነው። የዛይላኔዝ ዩኒት ግን እንዲህ ወጥ አይደለም። እያንዳንዱ አምራች በራሱ ሙቀትና በራሱ ፒኤች ይለካል። ስለዚህ የሁለት ፋብሪካ መለያ ላይ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሄ ይበልጣል ማለት አይቻልም። ይህን ያህል ገንዘብ ለኢንዛይም የሚያወጣ ሰው ይህን ሳያውቅ መግዛቱ ይገርመኛል።

ከዚያ ጠያቂዋ ላይ ጠበቅ አደረገ። ፋይቴዝ ጨምረሽ ዳይካልሲየም ፎስፌቱንና ለካልሲየም የሚገባውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት እንደነበሩ ከተውሽ ምን ለውጥ ትጠብቂያለሽ? ግልገሉ ቀድሞም ፎስፈረስ አልጎደለውም። ጥቅሙ የሚታየው ማዕድኑን ስትቀንሺ ነው፤ እሱም በወጪሽ ላይ እንጂ በግልገሉ ክብደት ላይ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከበዛ ደግሞ የጨጓራውን አሲድ ያረክሳል። ጡት ገና የጣለ ግልገል አሲድ ቀድሞም ደካማ ነው። ካልሲየሙም ከፋይቴቱ ጋር ተጣብቆ ለኢንዛይሙ እንዳይመች ያደርገዋል።

11ኛው አልተስማማም፣ ግን በአግባቡ። የፋይቴዝ ጥቅም ማዕድን መቆጠብ ብቻ አይደለም ይላል። ፋይቴቱ ራሱ ጸረ መፈጨት ነው፤ ፕሮቲኑንም ዚንኩንም ብረቱንም ይይዛል። ለዚህ ነው መጠኑን ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ አድርገው የሚጨምሩ ያሉት። ዓላማቸው ፎስፈረስ ሳይሆን ፋይቴቱን ማጥፋት ነው። 10ኛው ተመልሶ፣ 13 ቁጥር ላይ፣ ይህን ተቀበለ። አንድ ነገርም ጨመረበት፦ በመኖው ውስጥ ለተቅማጥ ተብሎ የገባ ብዙ ዚንክ ኦክሳይድ ካለ ዚንኩ ፋይቴቱን አጥብቆ ስለሚይዘው የፋይቴዙ ሥራ ይቀንሳል። ሁለት ሰዎች ሳይሰዳደቡ የተማማሩበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው።

በመካከላቸው 12ኛው ሰው ኢንዛይም መግዛት ለምን አስፈለገ፣ የፓፓያ ወተት አይበቃም ወይ ሲል ገባ። ክሩ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ፓፓያና አናናስ ዞረ። 14ኛው በትዕግስት አስረዳው። በፓፓያ ያለው ፓፓይን ፕሮቲን ነው የሚቆርጠው። የአሰር ግድግዳ ላይ አቅም የለውም፣ ፋይቴቱንም አይነካውም። ከአናናስ የሚገኘው ብሮሜሌይን ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ እሱም ተቅማጥ አምጪው ባክቴሪያ በግልገል አንጀት ላይ እንዳይጣበቅ የመከላከል ጉዳይ ነው፤ ከእህል መፍጨት ጋር አይገናኝም። ጥሬ ፓፓያ እየጨመቁ በቶን መኖ ላይ መጠኑን መቆጣጠርም የማይታሰብ ነው አለ። 12ኛው አሁንም አላመነም። ፓፓያው ይሰንብት።

15ኛው ኢንዛይሙን ሕይወት ያለው ነገር አድርጎ ነው የጠየቀው። በሆዳቸው ውስጥ ይራባል ወይ ብሎ። 16ኛው አላገጠበት፤ አሳማ ከማርባት ትምህርት ቤት ግባ አለው። የማልወደው ይሄን ነው። የጠየቀው ሰው ያምታታው እርሾንና ጠቃሚ ባክቴሪያን ከኢንዛይም ጋር ነው። ሦስቱም በተመሳሳይ ከረጢት፣ በተመሳሳይ የተስፋ ቃል ነው የሚሸጡት። ኢንዛይም ሕይወት የሌለው ፕሮቲን ነው፤ አይራባም፣ ሥራውን ሲጨርስ እሱም እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። ለዚህ ነው በየዕለቱ መኖ ውስጥ መኖር ያለበት። ይህን ለመናገር ስድብ አያስፈልግም። አወያዩ በ17ኛው ላይ ገብቶ አስጠነቀቀ፤ 16ኛው ዝም አለ።

18ኛውን የጻፉት የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ዶክተር እያለ ነው የሚጠራቸው። የጠያቂዋን ተቅማጥ ከኢንዛይሙ ነጠሉት። ከጡት ማስጣል በኋላ የሚመጣ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ ኤፍ4 እና ኤፍ18 የሚባሉ መጣበቂያዎች ያሏቸው ዓይነቶች። አንዳንድ ግልገል በዘሩ ለእነዚህ መጣበቂያዎች የሚሆን መቀበያ በአንጀቱ ላይ ስለሌለው አይታመምም። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ሲያስቀምጠው ሌላው ደህና ቢሆን አትደነቂ አሏት። ባክቴሪያው የሚደሰተው ሳይፈጭ በሚያልፍ ፕሮቲን ነው። አኩሪ አተሩን በመጀመሪያው መኖ ላይ ቀንሺ፣ የጎደለውን አሚኖ አሲድ ለብቻው ሙይ። ፋጉሎው በደንብ ካልበሰለ ፕሮቲን ፈጪውን ኢንዛይም ትሪፕሲንን የሚያግድ ነገር ይቀርበታል። በደንብ ቢበስል እንኳ በአኩሪ አተር ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፕሮቲኖች ያልለመደውን አንጀት ይቆጣሉ። ጡት ከመጣላቸው በፊት መኖ ማለማመድ፣ ንጹህ ውሃ በቀላሉ እንዲያገኙ ማድረግ፣ ክፍሉን ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ማሞቅ። አጓት ወይም ላክቶስ (የወተት ስኳር) ካገኘሽ ከማንኛውም የኢንዛይም ድብልቅ ይልቅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሻለው እሱ ነው አሉ።

እኔ እዚህ ላይ ከዶክተሩ ጋር ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ግልገሉ የሚበላው እፍኝ ነው። ያልተበላ መኖ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ይብላ።

19ኛው ዚንክ ኦክሳይድ እያለ ይህ ሁሉ ለምን ብሎ ነገሩን ወደ ፖለቲካ ወሰደው። 20ኛው የአውሮፓ ኅብረት ለማሳደጊያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክን እ.ኤ.አ. ከ2006 መጀመሪያ ጀምሮ እንዳገደ፣ በመድኃኒት መጠን የሚሰጠው ዚንክ ኦክሳይድም ከሰኔ 2022 ወዲህ እንደቀረ አስታወሰው። ዚንኩ አይጠፋም፤ ከኩሱ ጋር አፈር ላይ ይከማቻል፣ ባክቴሪያንም መድኃኒት ያላምዳል። 19ኛው ቢሮክራቶች አሳማ አይተው አያውቁም አለ። 20ኛው ደግሞ አንተስ ከአጥርህ ውጭ ያለውን ወንዝ አይተህ ታውቃለህ አለው። አወያዩ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሰጠ።

ከዚያ 21ኛው መጣ። ጠያቂዋ ናት። በ4ኛው የተጠየቀችው ትዝ ብሏት፣ መኖው በእንክብል ነው፣ ወፍጮ ቤቱ በእንፋሎት አሙቆ ነው የሚጨምቀው አለች። ኢንዛይሙን የሚጨምሩት ከመጨመቁ በፊት ነው። ሙቀቱ 85 ዲግሪ እንደሚደርስ ሰምታለች።

22ኛው ራሱ የ4ኛው ሰው ነው። አልተሳለቀም፤ ከእኔ ይልቅ ታጋሽ ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን እንደመሆኑ በእንፋሎት ሙቀት ቅርጹ ይበላሻል አለ። ሽፋን ያልተደረገለት ወይም ሙቀት እንዲችል ያልተሠራ ከሆነ ከ75 እና 80 ዲግሪ በላይ አብዛኛውን ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ገብሱ ውስጥ የነበረው የተፈጥሮ ፋይቴዝም አብሮ ይሄዳል። መውጫው ሦስት ነው። ወይ ሙቀት የሚችል ምርት መግዛት፣ ወይ እንክብሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ፈሳሽ ኢንዛይም መርጨት፣ ወይ መኖውን በዱቄት መስጠት። የኢንዛይሙን ዱቄት ከቪታሚንና ማዕድን ፕሪሚክስ (ቅድመ ድብልቅ) ጋር ቀላቅሎ ለወራት ማስቀመጥም አይመከርም፤ ኮሊን ክሎራይድና እርጥበት ያደክሙታል። በቶን 100 ግራም የሚገባ ነገርን በቀጥታ ወደ ማደባለቂያው መወርወርም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ በጥቂት ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ማባዛት ያስፈልጋል። ያለዚያ አንዱ ግልገል አስር እጥፍ ያገኛል፣ ሌላው ምንም።

2ኛው መላሽ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ብክነት የሚለውን ደገመ። ያ 23ኛው ነው። በቃ፣ አንድ ዜማ ነው ያለው።

24ኛው ሙከራ እንዴት እንደሚደረግ ያስረዳል። ካለፈው ዙር ጋር ማወዳደር አይጠቅምም፤ አየሩም እናቶቹም መኖውም ተቀይሯል። በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ እናት የተወለዱትን ለሁለት ከፍሎ፣ በክብደት አመጣጥኖ፣ ግማሹን ያለ ኢንዛይም ማሳደግ። በመግቢያና በመውጫ መመዘን፣ የበሉትንም መመዘን። አንድ ጥንድ ክፍል አይበቃም፤ መደጋገም አለበት። ሲጨርስ ዱቄቱን ስትቀላቅሉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የኢንዛይም ብናኝ በትንፋሽ ሲገባ አለርጂ ያመጣል ብሏል። ማንም ያላነሳው፣ ግን መነሳት የነበረበት ነገር ነው።

በ25ኛው ጠያቂዋ ውሳኔዋን ጻፈች። ድብልቁን ትተወዋለች። ፋይቴዝ ብቻ ገዝታ በዱቄት መኖ ትሞክራለች፤ ዳይካልሲየም ፎስፌቱንና የኖራ ድንጋዩን በዶክተሩ ስሌት ትቀንሳለች፤ አኩሪ አተሩንም ዝቅ ታደርጋለች። ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንዳትቀይር 7ኛው ሰው አስታወሳት፤ ያ 26ኛው ነው። በዚህኛው አንቺ ሳይሆን እርስዎ ብሏታል። መጀመሪያ አኩሪ አተሩን፣ ተቅማጡ ሲረጋ ፋይቴዙን ብሎ ቅደም ተከተሉንም ጻፈላት።